የመልካሙ መደብ

እማማ ውዴ ማረፋቸውን የነገረኝ ሰይድ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ በሬን ስከፍት ሱቁን ሳይከፍት መንገዱን ተሻግሮ አጥሬ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ሰይድ ፊት ለፊታችን ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጥ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ቀን ግን ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሸ ነበር።

«እህቴ፣ ከሐሙሲት፣ ከልጃቸው ቤት ተደውሎልኝ ነበር» አለኝ። «እማማ ውዴ አረፉ።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቸው አልነበረም። ዞር ብዬ በአጥሩ ክፍተት ወደ ጓሯቸው አየሁ። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ድንቹ እንዳለ ነው። በመካከሉ ያቺ ባዶ መደብ አለች፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንድ አረም የማይታይባት። እንግዲህ ይቺን ማን ሊጠብቃት ነው አልኩ በልቤ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያወቅኋቸው በዶሮ ነበር። ደብረ ታቦር ተመድቤ በመጣሁ ሰሞን፣ ገና የቤቱን ዕቃ እንኳ አስተካክዬ ሳልጨርስ፣ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ከአጥሩ በላይ ሁለት እጆች ብቅ አሉ። በእጆቹ መካከል ገብስማ ዶሮ ዓይኗን ታቁለጨልጫለች።

«ያዢልኝ ልጄ» አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ። «እስክትረሳ ነው።»

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። ዶሮ በሳህን እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም። ደግሞም ዶሮ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። ነገር ግን የማያውቁት ሰው «ያዢልኝ» ሲል እጅ ቀድሞ ይዘረጋል። በአረፋ እጄ ተቀበልኳትና «ምኑን ነው የምትረሳው?» አልኩ።

«እንቁላሏን ነዋ። መታቀፍ አምሯታል። አሁን ጊዜው አይደለም፤ ብርዱ ጫጩቱን ይፈጅብኛል። እንቁላሉን ባነሳባት ባዶውን ጭድ ታቅፋ ቁጭ አለች። እህልም አትቀምስ። ሰው ቤት ስትሆን ግራ ይገባታል፤ ግራ ሲገባት ትረሳለች።»

በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው። ያለጊዜዋ ልታቅፍ የተቀመጠችን ዶሮ ጎረቤት ቤት ወስደው ጥቂት ቀን ያኖሯታል። ማድቤቴ ውስጥ በእንቅብ ከደንኳት። መጀመሪያ ክንፏን ዘርግታ ባዶውን ሲሚንቶ ታቅፋ ተቀመጠች። እያየኋት ምሳዬ አልበላ አለኝ፤ ዶሮ አልወድም ያልኩትን እንዳትረሱ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት እንቅቡን ባነሳ ብድግ ብላ ላባዋን አራገፈችና ጥራጥሬ ትለቅም ጀመር። በአጥሩ ላይ አቀብዬ «ረስታለች» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉ ተቀብለው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ሳይሆን ለዶሮዋ፣ «ታድለሽ» አሏት። ያን ጊዜ እንዲሁ የአፍ ወግ መስሎኝ ነበር።

እማማ ውዴ ረዥም፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ነበሩ። ጓሮ ሲገቡ በቀሚሳቸው ላይ ክርኑ ያለቀ የወንድ ኮት ይደርባሉ። ለበቀለ ነገር ሁሉ «አይዞሽ» ይሉታል። ሲተክሉ አይዞሽ፣ ሲኮተኩቱ አይዞሽ፣ ጎመኑን ሊቀነጥሱም አይዞሽ። ፀሐይ ከገባች ቅጠል አይቆርጡም፤ «ተኝቷል» ይላሉ። ዶሮ ሲያስታቅፉ እንቁላሉ ሥር ብረት ያኖራሉ፤ መብረቅ እንዳያበላሸው ነው። እኔ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ልከራከራቸው ሞክሬ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና በሚቀጥለው ሳምንት ከብረቱ ጋር ሞቅ ያለ እንቁላል ይዘው መጡ። «ነጎድጓዱን ትናንት አልሰማሽም? ይኸው፣ አልተበላሸም» አሉኝ። የሳቁት በዓይናቸው ብቻ ነው።

አንድ ልማዳቸው ግን ከመጀመሪያው አላስተኛኝም። የግቢያቸው የቆርቆሮ በር ቁልፍ የለውም፤ በሲባጎ ነው የሚታሰረው፤ ማንም ከውጭ እጁን አስገብቶ የሚፈታው ዓይነት። ያ ቆርቆሮ ኮሽ ባለ ቁጥር፣ ነፋስም ይሁን ሰው፣ እማማ ውዴ ቀና ሳይሉ «ግባ» ይላሉ። እኔ ስገባ «ግባ» ይሉና ሲያዩኝ «ግቢ ልጄ» ብለው ያስተካክላሉ። የንስሐ አባታቸው ሲመጡም «ግባ» ብለው ደንግጠው ይነሳሉ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ በሩን ሲነካካው በሚውልበት ቀን «ግባ፣ ግባ» ሲሉ ከወዲያ ማዶ እሰማቸዋለሁ። ማንም አይገባም።

ስለ መደቧ የጠየቅኋቸው ተግባብተን ከቆየን በኋላ ነው። የጓሯቸው መሬት ጠባብ ናት፤ እማማ ውዴ ደግሞ ጭብጥ የምታህል ቦታ እንኳ አያባክኑም፤ በተሰበረ ባልዲ ሳይቀር ቃሪያ ይተክላሉ። ታዲያ እዚያው መሃል፣ ውኃም ፀሐይም የማያጣት ቦታ ላይ፣ አንድ መደብ ሁልጊዜ ባዶ ናት። ይቆፍሯታል፣ የዶሮ ኩስና አመድ ያለብሷታል፣ በእጃቸው ያለሰልሷታል። አይዘሩባትም።

«እማማ፣ ይቺ ለምን ጦሟን ታድራለች?»

«የመልካሙ ናት» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

መልካሙ የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። «ነበር» ማለቴን ቢሰሙ ይቀየሙኛል። አንድ መስከረም የሰፈሩ ጎረምሶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርዱ አብሮ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ያቺን መደብ ከፍ አድርጎ ሠራና «እማዬ፣ ይቺን እንዳትነኪብኝ። ለኅዳር ሚካኤል እደርሳለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት እተክልባታለሁ» አላቸው። ኅዳር ሚካኤል መጣ፤ መልካሙ አልመጣም። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ ኋላ መጥራቱንም ተወ። ክርኑ ያለቀው ኮት የእሱ ነው።

መደቧ የሰው ቁመት ያህል ትረዝማለች። ወርዷም ከሰው ትከሻ ብዙ አይበልጥም። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ እሷ ጥቁር ሆና ትወጣለች፤ አዲስ እንደተቆፈረ አፈር ሁልጊዜ ትኩስ ናት። አንድ ጊዜ የዕድር መዋጮ ልትሰበስብ የመጣች ሴት ጓሮው ድረስ ገብታ ባየቻት ጊዜ አማተበችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ቤተ ክርስቲያን እያለ ማንን ነው እዚህ የቀበሩት?» አለችኝ። እማማ ውዴ አልሰሙም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መደቧን ሌላ ነገር አድርጌ ማየት አቃተኝ። መስኮቴን ስከፍት የማያት እሷን ነው። መጋረጃ ገዛሁ።

የበረዶውን ቀን አልረሳውም። ሰኔ ላይ ነው፤ ችግኙ ገና አንገቱን ቀና እያደረገ ነበር። ሰማዩ ጠቆረና የባቄላ ፍሬ የሚያክል በረዶ ያወርደው ጀመር። ሰፈርተኛው ሁሉ ችግኙን ለማትረፍ ላስቲክ ይዞ ይሯሯጣል። እኔም ለመርዳት አጥሩን ዘልዬ ገባሁ። እማማ ውዴ ያለቻቸውን አንዲት ላስቲክ ባዶዋ መደብ ላይ ዘርግተው፣ አልበቃ ስላላቸው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ይጭናሉ። ጎመኑ አጠገባቸው እየተቀደደ ነው።

«እማማ፣ ጎመኑ! ባዶ አፈር ምን ይሆናል?»

«ይጠጥራል» አሉኝ። በረዶው ሻሻቸው ላይ ይንጣጣል። «ሲመጣ መኮትኮቻው አይገባለትም። እጁን ያመዋል።»

 የቀረውን ድንጋይ አቀበልኳቸው።

አንድ ዓመት ደግሞ፣ ከመልካሙ ጋር አጨዳ የወረደ ሰው ከይፋግ መጣ። ሰይድ ሱቅ የእማማ ውዴን ቤት ሲጠይቅ ነው የተገናኙት፤ ሰይድ ራሱ ይዞት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰውዬው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ታሞ ነበር እማማ። ወባ ነው። ጎጆ ውስጥ አስተኝተነው ወደ እርሻው ሄድን። በዚያው ቀን ግርግር ተነሳ፣ ተበታተንን። ኋላ ስንመለስ ጎጆው ባዶ ነው።»

«ምን ለብሶ ነበር የተኛው?» አሉ እማማ ውዴ።

«ጋቢውን።»

«ስትመለሱ ጋቢው ነበረ?»

ሰውዬው ግንባሩን አሸ። «አልነበረም።»

«እንግዲህ ለብሶት ተነስቷል» አሉ። ተነስተውም እንቁላል ቀቀሉለት፤ የቀረውን ለመንገዱ በጨርቅ ቋጠሩለት። ፊታቸው በራ። እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ሰውዬው ግን ሲወጣ ለሰይድ ሌላ ነገር ነገረው። ልጁ እንኳን ተነስቶ ሊሄድ ያን ጠዋት ውኃ መዋጥ ተስኖት ነበር ብሎታል። ሰይድ ይህን ለእኔ ነገረኝና «እኔ ለእናት ይህን አልናገርም፤ አንቺም አትናገሪ» አለኝ። አልተናገርንም። ብንናገርስ? «ጋቢው አልነበረም» ነበር የሚሉን።

ለመልካሙ ያዘነች እናቱ ብቻ አልነበረችም። ታላቅ እህቱ አትጠገብ ሐሙሲት አግብታ ትኖራለች። በየጊዜው እየመጣች ቤቱን ታስተካክላለች፣ ለእናቷ ሽንኩርትና ዘይት ታመጣለች፤ መደቧ አጠገብ ግን አትደርስም። ጓሮ ስትገባ በግድግዳው በኩል ዞራ ነው የምታልፈው። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸውን ይዛ መጣች። ደርሼ አግኝቻቸው በሩ ላይ ልመለስ ስል እማማ ውዴ «ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺ ባዳ አይደለሽም» ብለው አስቀሩኝ።

«እማዬ፣ ለቅሶውን እንቀመጥ» አለች አትጠገብ። «ሰው ይምጣልን። ፍትሐቱ ይደረግለት። ወንድሜ እኮ ነው፤ እኔም ላልቅስለት።»

«አልቅሺ። ማን ከለከለሽ?»

«አንቺ እርምሽን ሳታወጪ እኔ እንዴት አልቅሼ ይወጣልኛል? ባለቅስ አንቺ ፊት ገደልኩት ማለት ነው። ባላለቅስ ደግሞ እዚህ ላይ ተቀምጧል» አለችና ደረቷን በእጇ መታች።

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ውዴ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ ላንቺ ብዬ ባደርገው ደስ ባለኝ» አሉ። «ግን እርሜን ካወጣሁ በኋላ መጥቶ ደጅ ቢቆም ምን እለዋለሁ? አልቅሼ ጨርሼሃለሁ ልበለው?»

አትጠገብ ነጠላዋን አነሳች። ያን ቀን ሳትበላ ሄደች።

ባለፈው ክረምት እማማ ውዴን ሳል ጠናባቸው። የደብረ ታቦር ብርድ ለደረት አይሆንም፤ ሐሙሲት ቆላ ቢጤ ስለሆነች ይሻላቸዋል ተባለ። ነገሩ ስለ ሳሉ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያች መደብ ጥቂት ቢርቁ ልባቸው ያርፋል ብላ ነው አትጠገብ። ሰይድም «ትንሽ ይረሱ» ብሏል። እኔም አይሆንም አላልኩም፤ ሳሉን ሌት ተቀን የምሰማው እኔ ነበርኩ።

በሚሄዱበት ዕለት በአጥሩ ጠሩኝ። እጆቻቸውን አጥሩ ላይ አሳርፈዋል፤ ባዶ ናቸው።

«እኔንም እስክረሳ ሰው ቤት ሊያኖሩኝ ነው» አሉኝና ሳቁ።

«እማማ፣ ለጤናዎ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አትጠገብ ክፉ አላሰበችም። እኔስ ለዶሮዎቹ መች ክፉ አስቤ ነበር?» ወደ ጓሮው ዞረው አዩ። «ጎመኑንም እንቁላሉንም ብዪው። መደቧን ብቻ አረም እንዳይበላብኝ። በሩም በሲባጎ ነው፤ ቁልፍ እንዳትገዢለት።»

ከሐሙሲት በአትጠገብ ስልክ ይደውሉ ነበር። ዶሮዎቹን በየመልካቸው ይጠይቁኛል፤ ቀይዋ፣ ነጯ፣ ገብስማዋ። ከዚያ «በሩስ?» ይላሉ። «በሲባጎ ነው» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ፤ ስልኩ በዚህ ነው የሚዘጋው። እየቆየ ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻው ጊዜ ሲደውሉ ገብስማዋ እንደገና መታቀፍ አምሯት ባዶ ጭድ ላይ እንደተቀመጠች ነገርኳቸውና ወደ ማን ቤት ልውሰዳት አልኩ።

 ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አትውሰጃት» አሉ ኋላ። «ተያት፣ ትታቀፍ።»

«እንቁላል እኮ የለም እማማ።»

«ቢሆንም ተያት።»

አስከሬናቸው በሚኒባስ መጣ። ቀብሩ ደብረ ታቦር ሆነ። ሰው ሞላ፤ እማማ ውዴ ጎመን ያልሰጡት ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ድንኳን ውስጥ አትጠገብ ለአልቃሿ አስቀድማ በጆሮዋ ነግራት ኖሮ፣ አልቃሿ የእናቲቱን ስም አንስታ ስታበቃ የመልካሙን ስም ጠራች። አትጠገብ በዚያ ጊዜ ያወጣችው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ደረቷን እየመታች «ወንድሜ፣ ወንድሜ» አለች። ሰው ሁሉ አብሯት አለቀሰ፤ እኔ ያላየሁትን ልጅ አለቀስኩት። ሰይድ በር ላይ ቆሞ በኮፍያው ፊቱን ሸፍኗል። ሁለቱ ሐዘን በአንድ ቀን ወጣ፤ እርሟን አወጣች፣ ተገላገለች አሉ ሰዎች። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሰልስቱ አልፎ ጥቂት እንደቆየ አትጠገብ ብቻዋን መጣች። መኮትኮቻ በአንድ እጇ፣ በሌላው በፌስታል ነጭ ሽንኩርት ይዛለች። ቤቱ ሊከራይ ነው፤ ከዚያ በፊት መደቧን ልትተክላት ፈልጋለች። ለተከራይ ባዶ መደብ ምን ብላ ታስረዳለች? እኔም እንድረዳት ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በግድግዳው በኩል ሳትዞር በቀጥታ ሄዳ መደቧ ፊት ቆመች። የእናቷን፣ ማለቴ የወንድሟን ኮት ለብሳለች።

አፈሩን በእጇ ዘገነችው። በየሳምንቱ የምኮተኩተው እኔ ነኝ፤ እንደ ዱቄት ነው። በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ። ነጭ ሽንኩርቱን ከፌስታሉ አውጥታ መፈልፈል ጀመረች፤ አንዷን ፍሬ ይዛ ጎንበስ አለች። እንደ ጎነበሰች ቀረች።

ያኔ የቆርቆሮው በር ኮሽ አለ። ነፋስ ነው። ሁለታችንም ዞረን አየን።

አትጠገብ ቀና አለች። ፍሬዋን ወደ ፌስታሉ መለሰቻት።

«የዘንድሮን እንለፈው» አለች። ድምፅዋ የእናቷን መሰለኝ። «መጥቶ ቢያያት ምን እለዋለሁ?»

 አጠገቧ ተንበረከክኩና የበቀለች አንዲት አረም ነቀልኩ። እሷም ሌላ ነቀለች። ምንም የሚነቀል እስኪጠፋ እንዲሁ ቆየን። ስትወጣ በሩን በሲባጎ አሰረችው፤ እናቷ እንደምታስረው፣ ከውጭ እጅ በሚያገኘው በኩል። ፌስታሉን «ለወጥ አድርጊው» ብላ ሰጠችኝ። ቤቱን እስካሁን አላከራየችውም።

ነጭ ሽንኩርቱ ማድቤቴ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ወጥ ልሠራበት እጄ አልሄደም። ልጥለውም አልቻልኩም፤ ልተክለው ደግሞ የእኔ መሬት አይደለም። ዛሬ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀና ብዬ ባየው በፌስታሉ ቀዳዳ አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል። ጫፉን በጣቴ ነክቼ ቆምኩ። ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮው ኮሽ አለ። የጉና ነፋስ መሆኑን አውቃለሁ።

«ግባ» አልኩ።